ማሩን አልልክልህም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እህትህ ፈተና ላይ ናት። ሽሮና በርበሬውን የአክስትህ ልጅ ሐሙስ ይዞልህ ይመጣል፤ መናኸሪያ ሄደህ ራስህ ተቀበለው።

ማሩን ግን አልልክልህም። «እማዬ፣ ለአባዬ ታፈይለት የነበረውን ማር በጥቁር አዝሙድ ላኪልኝ፣ ብርዱ በርትቶብኛል» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ዘጌ ድረስ ሰው ልኬ ማር አስመጥቼ ነበር። ኋላ እህትህ የአክስትህን ልጅ በጥያቄ ስታጣድፈው ነገሩ ወጣ። በቀን አንድ ፓኮ! ለካ ብርድ አይደለም፣ ለጭሱ ማርከሻ ፈልገህ ነው። የኔ ጌታ፣ ሲጋራውን ጣል እንጂ ቅጠል አትደርብበት።

አልቆጣህም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ተቆጥቻለሁ።

አንተ አባትህን የምታስታውሰው ጀልባው ላይ ነው፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ነው የማስታውሰው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጦስኝና ጥቁር አዝሙድ በማር አድርጌ አንድ ብርጭቆ እሰጠዋለሁ። ይጠጣና ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ታጠበ!» ይላል። ጀልባው ጋ ሳይደርስ ይለኩሳል። ሳሉ ቀለል ይለው ነበር፣ አልዋሽህም፤ ማርና ጦስኝ ጉሮሮ ያለዝባሉ። ያጠፋንም ይኸው ነው። ሳሉ ሲቀልለት ሕመሙም የቀለለ መሰለው።

እኔ ደግሞ ነርስ ነበርኩ። ቀን ለበሽተኛ ስናገር የምውለውን ማታ ለባሌ አልነገርኩም። ከጭቅጭቅ ማር ይሻላል ብዬ። ሌሊት ሲያስለው ተነስቼ ውሃ አሞቅ ነበር እንጂ አንድ ቀን ፓኮውን አንስቼ «ይኼ ነው» አላልኩትም። ሁለት ዓመት! ከሐይቁ ዳር እስከ አስፋልቱ ለመውጣት ዋርካው ሥር እያረፈ መሄድ ሲጀምር ነው ራጅ የተነሳው።

የደንገል ታንኳ ይሠሩ የነበሩትን ሽማግሌ ታስታውሳቸዋለህ? አንድ ቀን ቤት መጥተው አባትህ ያንን ብርጭቆ በአንድ እጁ፣ ሲጋራውን በሌላው ይዞ ቢያዩት፣ «ታንኳህን ውሃ ላይ እንዳለ ነው የምታደርቀው?» አሉት። አባትህ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በስምንት ዓመትህ «ከምድጃው ለኩሰህ አምጣልኝ» ብሎህ፣ አንዴ ሳብ አድርገህ ሳል ሲይዝህም ስቄ ነበር።

የእፅዋት ጭማቂ ሳንባን ከጭስ ይጠብቃል የሚለው ወሬ ከመሬት አልተነሳም። የሲጋራ ጭስ እንዲስቡ ለተደረጉ አይጦች የአንዳንድ ተክሎች ጭማቂ ሲሰጣቸው የሳንባቸው ብግነት ቀንሶ ታይቷል። ለአይጧ ግን ጭሱም መድኃኒቱም ተለክቶ ነው፤ ሱቅ ሄዳ በፍሬ አትጨምርም። ወደ ሰው ሲመጣ ደግሞ ስማ፦ ካሮትን ቀለም የሚሰጠውን ቤታ ካሮቲን በክኒን አድርገው ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ገደማ አጫሽ ወንዶች ላይ ሞከሩት። ገሚሶቹ ለዓመታት ዋጡት። ውጤቱ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይጠብቃል የተባለው እኮ ነው! ከተክል መጣ ማለት ገር ነው ማለት አይደለም፤ ኮሶም ከዛፍ ነው፣ ያለ ልክ የወሰደው ሰው ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጣለው እንጂ አትደርብበት።

በአየር ቧንቧህ ውስጥ አክታና አቧራ የሚጠርጉ ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ። ጭሱ ያደነዝዛቸዋል። ስታቆም ይነቁና መጥረግ ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ቢብስብህ አትደንግጥ፣ «ሳጨስ ይሻለኝ ነበር» ብለህም እንዳትመለስ። የተቀደዱትን የአየር ከረጢቶች ግን ጤና አዳምም ዳማከሴም አይሰፋቸውም።

ከቡና ጋር ነው አሉ የምትለኩሰው። ለጊዜው ሻይ ጠጣ። (ቡና ተው የምትል የጎጃም እናት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ።) በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂድ፤ የጠጣኸው ቅጠል ካለ አንዱንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ጥቁር አዝሙዱን በርበሬው ውስጥ አስፈጭቼዋለሁ፣ ለወጥ ነው። አባቴ፣ ጣለው። አትደርብበት።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ደውልልኝ። እየተራመድክ አውራኝ፤ ትንፋሽህን አዳምጣለሁ።

እናትህ
ከባሕር ዳር