አንጎል በ25 ዓመቱ አይመረቅም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ስለ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ደህና ነገር አለው። «የሰው አንጎል የሚበስለው በ25 ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ ልጅ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህች አባባል አሁን አሁን የማትገባበት የለም። ወላጅ ልጁ የመረጠውን የትምህርት መስክ ሲያስቀይር ይጠቅሳታል። የ20 ዓመቱ ወጣትም ሲያጠፋ «ምን ላድርግ፣ አንጎሌ ገና ነው» ይላል። ለሁለቱም ተመችታለች።

እርግጥ ነው፣ ከመሬት የተነሣች አባባል አይደለችም። ተመራማሪዎች የልጆችንና የወጣቶችን አንጎል በኤምአርአይ ሲያነሡ፣ ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል ከሌላው ዘግይቶ እንደሚበስል አይተዋል። ማቀድ፣ ማመዛዘን፣ ስሜትን መግታት በአብዛኛው የዚህ ክፍል ሥራ ነው። በጉርምስና ወቅት ብዙም የማይሠራባቸው የነርቭ ግንኙነቶች ይቀነሳሉ። የሚሠራባቸው ደግሞ ስብ ያለው ሽፋን እየለበሱ መልእክት ቶሎ ቶሎ ያደርሳሉ። ይህ ለውጥ በ20ዎቹም ይቀጥላል፤ አንዳንዱ እስከ 30ዎቹ ይዘልቃል። ታዲያ 25 ላይ ምን ተዘጋ? ምንም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሁሉም ችሎታ በአንድ ጊዜ እንደሚበስል አድርገን ማውራታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በ11 አገሮች ከ5,000 በላይ ሰዎችን አይቷል፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 30 ነው። ረጋ ብሎ መረጃ ማገናዘብ 16 ዓመት ገደማ ላይ ከአዋቂ ጋር ተስተካክሎ ተገኘ። ራስን መግዛትና የሌሎችን ግፊት መቋቋም ግን ከ18 በኋላም ገና እያደገ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሙከራም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ተጫወቱ። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ፣ በጉርምስና ያሉት ብቻቸውን ከተጫወቱት ይልቅ ራሳቸውን ለአደጋ አጋለጡ። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይ ግን የጓደኛ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

እንግዲህ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ምን እንደምትማር፣ የትኛውን ሕክምና እንደምትመርጥ፣ ጊዜ ከተሰጣትና ከተረጋጋች በደንብ ታመዛዝናለች። እሷው ራሷ ማታ ከጓደኞቿ ጋር፣ ሁሉም «እንሂድ! እንሂድ!» እያለ ሲጮህ ሌላ ሰው ናት። እኛ የምናደርገው ግን የተገላቢጦሹን ነው። መስኩን እኛ እንመርጥላታለን፤ ማታ ላይ የት እንዳለች አናውቅም።

ስለ ማንነትም ልጨምር። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን የጉርምስና ትልቁ ሥራ «ማን ነኝ?» ለሚለው መልስ መፈለግ ነው ይል ነበር። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህንን ሐሳብ ይዞ ወጣቶችን በአራት መደባቸው። አንዱ ወገን ምንም ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳይሞክር የወላጁን ምርጫ እንዳለ የተቀበለ ነው። ቤት ውስጥ «ጨዋ ልጅ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። ሌላው ገና እየፈለገ ያለ፣ ዛሬ ይህን ነገ ያንን የሚል ነው። እሱን «ወላዋይ» ብለን እናሸማቅቀዋለን። በማርሺያ አከፋፈል ግን መርምሮ የራሱን አቋም የሚይዘው ሰው የሚመጣው ከዚህ ፍለጋ ነው። 22 ዓመቱ ላይ ዲፓርትመንት የቀየረ ልጅ ጠፋ ማለት አይደለም።

ጽሑፋችሁ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የጄፍሪ አርኔትንም ስም አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ18 እስከ 25 ያለው ዕድሜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው ያለው እሱ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን በአብዛኛው የተነሣው ከአሜሪካ ወጣቶች ነው፤ ለመሞከርና ለመሳሳት ጊዜ ያላቸው ወጣቶች። በ16 ዓመቱ ሥራ ገብቶ ታናናሾቹን የሚያሳድግ ልጅ ይህ ምዕራፍ የለውም። እሱን «አንጎልህ ገና ነው» ብንለው ምን ይለናል?

በነገራችን ላይ፣ ጎረምሶች ጠዋት ቶሎ አለመነሣታቸውን ከስንፍና መቁጠራችሁም ልክ አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። ስልኩም ያባብሰዋል፤ እሱን አልክድም።

አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ረጅም ጽሑፍ ወላጅ ተናግሯል፣ መምህር ተናግሯል፣ ሐኪምም ተናግሯል። አንድም ወጣት አልተጠየቀም። ቀጣይ ክፍል እንዳለው ስለጻፋችሁ፣ እባካችሁ የ19 ዓመት ልጅ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። አጠገቡ ወላጅ ባይቀመጥ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ወጣቶች እናት