«ኔጌቲቭ» ብለን ከመሸኘታችን በፊት፦ ስለ ደንጊ ፈጣን መመርመሪያ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ድሬዳዋ ውስጥ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማችን ውስጥ ከተረጋገጠ ወዲህ ተመላልሶብናል። ዝናብ ጣል አድርጎ በርሜሎች ውሃ ሲይዙ የላቦራቶሪው በር ትኩሳት በያዛቸው ሰዎች ይጨናነቃል። ጣት ወግተን፣ ደሙን ካሴት በምንላት ፈጣን መመርመሪያ ላይ ጠብ አድርገን ሰዓት እንይዛለን።

አንድ ወጣት በታመመ በስድስተኛው ቀን መጣ። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ኤንኤስዋን የተባለውን የደንጊ ቫይረስ ፕሮቲን የምትፈልገው ካሴትም መሥራቷን የምታሳየውን የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ አወጣች፤ ቀይ፣ ጥርት ያለች መስመር። ወረቀቱ ላይ «ኔጌቲቭ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለቁርጥማቱ ዲክሎፌናክ ተወግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታውን ትኩሳቱ በረደለት፣ እናቱም ተመስገን አሉ። በማግስቱ ድዱ እየደማ፣ ሆዱን ይዞ ተመለሰ። በብዙ ጭንቅ ተረፈ።

ካሴቷ የተበላሸች አልነበረችም። የምትፈልገው የቫይረሱ ፕሮቲን ከመጀመሪያው የትኩሳት ቀን ጀምሮ በደም ውስጥ ይገኛል፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ግን እየጠፋ ይሄዳል። ያኔ መታየት የነበረበት ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው አይጂኤም የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ቢሆን ለወራት ደም ውስጥ ስለሚቆይና ከቢጫ ወባ ጋር ስለሚምታታ ብቻውን አይታመንም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀደም ሲል በሌላ የደንጊ ዓይነት ተይዞ የነበረ ሰው ነው። የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ስለሚይዘው ካሴቷ እንዲህ ያለውን ሰው ይበልጥ ትስተዋለች፤ ሕመሙ የመክበድ ዕድሉ የሚሰፋው ደግሞ በዚሁ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ደንጊ በተመላለሰበት ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። ትኩሳቱ በረደ ማለትም ዳነ ማለት አይደለም፤ መድማቱና ከደም ሥር ፈሳሽ መውጣቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ የውጤት ቅጹ ላይ «ትኩሳቱ ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ ነው?» የሚል ቦታ ይጨመርልን። ከአምስተኛው ቀን በኋላ የኤንኤስዋን ኔጌቲቭ ውጤት ብቻውን «ደንጊ አይደለም» እንደማያሰኝ ቅጹ ራሱ ይናገር። በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳት ላለው ሰው ውጤቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን እንዳይሰጥ በግልጽ ይታዘዝ፤ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል አለ። የኪቶቹም አቀማመጥ ይታይልን። እኔ የያዝኳቸው ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል፤ የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ያውም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት መጥተው ኔጌቲቭ ከተባሉት መካከልም የተወሰኑት ናሙናቸው የቫይረሱን ዘረ መል ለሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ይላክ። ውጤቱም ናሙናውን ወደ ላከው ላቦራቶሪ ይመለስ፤ ስንት ሰው እንደሳትን የምናውቀው በዚያ ነው። ቅጹ እንኳ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ቢደርሰን፣ ለዚያ ወጣት ያልጻፍኩትን ለሚቀጥለው እጽፍለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ