ከቤት ሆነው ለሚማሩ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በርቀት ትምህርት የወላጅን ድርሻ ስለማሳወቅ

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጆቻችሁ ከቤት ሆነው መማር ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቻችሁ «እኛ መምህራን አይደለንም፤ በምን ልንረዳቸው እንችላለን?» እያላችሁ ስለምትጠይቁ፣ ትምህርት ቤቱ ከእናንተ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ለይቶ ማሳወቅ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የርቀት ትምህርት ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን ሾርትሃንድ የተባለውን ፈጣን አጻጻፍ በፖስታ ያስተምር፣ ተማሪዎቹ ሠርተው የላኩለትንም አርሞ ይመልስላቸው ነበር፤ በ1951 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ልጆች በሬዲዮ መገናኛ ከመምህራቸው ጋር እየተነጋገሩ መማር ጀመሩ። መሣሪያው ተለዋወጠ እንጂ አሠራሩ ያው ነው፤ መምህሩ ይልካል፣ ተማሪው ሠርቶ ይመልሳል፣ መምህሩም ስህተቱን ያሳየዋል። ይህ ምልልስ ከተቋረጠ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያምር ትምህርት ተሰጥቷል ለማለት አይቻልም።

ስለሆነም ዋናው ማሳሰቢያዬ የልጆቻችሁን የቤት ሥራ እንዳትሠሩላቸው ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ የተማሪውን ፊት አይቶ ግራ መጋባቱን ይረዳል፣ እየተዘዋወረም ደብተሩን ይመለከታል፤ በርቀት ግን በአብዛኛው የሚያየው የተላከለትን ሥራ ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ የጻፈ ልጅ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች እንደደመረ መምህሩ ወዲያውኑ ይገነዘባል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳውም ያውቃል። ወላጅ በቅንነት አምስት ስድስተኛ ብሎ አስተካክሎ ከላከው ግን ልጁ የገባው ስለሚመስል ትምህርቱ ጥሎት ያልፋል። እንግዲህ የተሳሳተው መልስ እንደተሳሳተ፣ ስርዝ ድልዙም ሳይጠፋ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልን። ንጹሕ ገጽ ማየት እኔም እወዳለሁ፤ ለመምህሩ የሚጠቅመው ግን ስርዝ ድልዙ ነው።

ከእናንተ የምንጠብቀው ልጁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከቴሌቪዥን ራቅ ባለ ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ታናናሾቹ አጠገባቸው አዋቂ ይፈልጋሉ፤ ከፍ ያሉት ደግሞ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ቢባል መልሱ «ሒሳብ» ብቻ ስለሚሆን፣ ደብተሩን ዘግቶ የተማረውን በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። የተማሩትን ሳያዩ ለማስታወስ መሞከር ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዕውቀትን እንደሚያጸና በጥናት የተረጋገጠ ሲሆን፣ ይህን ለመጠየቅ እናንተ ትምህርቱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ካሜራውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መከታተል ይቻላል፤ የተቀዳውን ትምህርትም መስመሩ በሚሻልበት ሰዓት አውርዶ ማየት ይበቃል። አንድ ስልክ ለብዙ ልጆች በሚዳረስበት ቤት ይህንኑ ለስም ጠሪ መምህሩ አሳውቁን፤ የቀጥታው ክፍለ ጊዜ ያመለጠው ተማሪ ሥራውን እስከላከ ድረስ እንደ ቀሪ አይቆጠርበትም። ሥራ ሳይልክ የሰነበተ ተማሪ ሲኖር ስም ጠሪው ወደ ቤት ይደውላል፤ ጥሪው ችግሩን ለማወቅ እንጂ ለወቀሳ ስላልሆነ ስልኩን እንድታነሡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር