በኤጂያን ባሕር ላይ ለሚመዘግቡ የተላከ ምስጋና

ይድረስ በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጂያን ባሕር ዳርቻ ካሜራ ይዛችሁ ለምትጠብቁ፣ ሌሊት ከባሕር ለሚደውሉ ስደተኞች ስልክ ለምታነሱ፣ ግሪክ ደርሰው በግዳጅ የተመለሱትን ሰዎች ቃል ለምትቀበሉና ለምትተረጉሙ።

ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። በዚያ ቀን ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ 12 ሰዎች፣ ከነስድስት ወር ሕፃናቸው፣ በግሪኳ ሌስቦስ ደሴት ምልክት በሌለው ቫን ተጫኑ። በፈጣን ጀልባ ወደ ግሪክ ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ተሻገሩ፤ ከዚያም ሞተር በሌለው የነፍስ አድን ጎማ ጀልባ ላይ ተጣሉ። ያነሷቸው የቱርክ ጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው።

ኦስትሪያዊው የመብት ተሟጋች ፋያድ ሙላ ከሩቅ ባይቀርጸው ኖሮ ይህ ሁሉ ተክዶ ይቀር ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ቪዲዮውን መርምሮ 11ዱን ሰዎች ቱርክ ውስጥ አገኛቸው፤ ግንቦት ላይም አወጣው። የቀረጻው ጉልበት ከቫኑ እስከ መርከቡ ያሉትን እርከኖች በተከታታይ ማሳየቱ ነው። አንድ ፎቶ ብቻ ቢሆን «ሌሎች ሰዎች ናቸው» ለማለት ይመች ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስልክ የምታነሱ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሁሉ በፊት ቁጥር በጥንቃቄ ስለምታነቡ እናመሰግናለን። ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ በሚያሳየው የካርታ ቁጥር (ኬክሮስ) 39.10 ማለት 39 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ ነው። ቸኩሎ «39 ዲግሪ ከ10» ብሎ የጻፈ ሰው ጀልባዋን 4 የባሕር ማይል፣ ማለትም 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ይወስዳታል። ሌስቦስና ቱርክ በጠባቡ በኩል የሚራራቁት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና ጀልባዋ በማን ውኃ ላይ እንደነበረች በዚህ ስሕተት ይምታታል። «ሎኬሽኑን አሁኑኑ ላኩ፣ ፎቶውን በዶክመንት መልክ ላኩ» የምትሉትም በከንቱ አይደለም። ስልኩ ከደቂቃዎች በኋላ ሊነጠቅ ወይም ባሕር ሊጣል ይችላል፤ ዋትስአፕ ላይ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ደግሞ የተነሳበትን ሰዓትና ቦታ የያዘውን መረጃ ያጣል።

የአማርኛ ተርጓሚዎች፣ የእናንተ ሥራ ብዙም አይታይም፤ ብዙ ጉዳይ የሚድነው ወይም የሚበላሸው ግን እናንተ ዘንድ ነው። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ያለች እናት በእንግሊዝኛው ስምንት ተብሎ ከተጻፈላት ቃሏ ጠዋት ላይ ያርፋል፤ ከመርከቡ መዝገብ ጋር ይጋጭና ውሸታም ትባላለች። እናንተ ሁለቱንም ትጽፋላችሁ፦ የተናገረችውን እንዳለ፣ ከጎኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት (02:00)። ቱርክ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን እንደማትለውጥ፣ ግሪክ ግን በክረምቷ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደምትቀር አትዘነጉም። ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ ታመሳክራላችሁ። «የያዟችሁ ጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው?» ብላችሁ መልሱን አፋቸው ላይ ከማስቀመጥ «ምን ለብሰው ነበር?» ማለታችሁም ያስመሰግናችኋል።

ማስረጃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን አይተናል። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ውሳኔ፣ ግሪክ ውስጥ ገፍቶ የመመለስ አሠራር እንደነበረ የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት አለ ብሏል። ከግሪኳ ሳሞስ ደሴት ተባረርሁ ያለውን አፍጋናዊ ልጅ አቤቱታ ግን እሱ ራሱ ደሴቱ ላይ እንደነበረ በበቂ አላስረዳም ሲል አልተቀበለውም። አሠራሩ መታወቁ ብቻ ለልጁ አልጠቀመውም።

ቃላችሁን የሰጣችሁ ተመላሾች ሆይ፣ ትልቁ ምስጋና የእናንተ ነው። ያን ሌሊት ለጋዜጠኛ፣ ለጠበቃ፣ ለተርጓሚ ደግሞ ደጋግሞ መናገር ቁስልን መነካካት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከጣሊያኗ ላምፔዱሳ ደሴት በስተደቡብ ተይዘው ወደ ሊቢያ የተመለሱት 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ጣሊያንን በዚያው ፍርድ ቤት በ2012 የረቱት እንዲሁ ታግሠው ነው። ስልካችሁ ላይ የቀረ ቪዲዮ ወይም የድምፅ መልእክት ካለ ሳትቆርጡና ስም ሳትቀይሩ ዋናውን ፋይል አስቀምጡት፤ ለጠበቃችሁ ኮፒውን ስጡ።

አክባሪዎቻችሁ