ለጀማሪ ስድስት ወይን ይበቃል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

እኔና ጥቂት ወዳጆቼ ለወይን አፍቃሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ የቅምሻ ትምህርት ልናዘጋጅ ደፋ ቀና እያልን ነው። ተማሪዎቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። ወይን ይወዳሉ፣ ግን «ደስ ይላል» ከማለት ያለፈ ቃል የላቸውም። እኛ ደግሞ ገና ሳንጀምር መስማማት አቃተን። አንዱ ወገን አስተማሪው ስለ ፈረንሳይ ክልሎች፣ ስለ ወይን ዘሮችና ጠርሙስ ላይ ስለሚለጠፈው ጽሑፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገር ይላል። ሌላው ዐሥራ አምስት ጠርሙስ ደርድረን እናስደምማቸው ባይ ነው። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ክርክሩን ወደ እናንተ ያመጣሁት ይህን መሰል ዝግጅት የሚያስቡ ሌሎች አንባቢዎች አይጠፉም ብዬ ነው።

ጀማሪ የሚማረው በማወዳደር ነው። አንድ ወይን ብቻውን ሰጥታችሁት «ምን ተሰማህ?» ብትሉት ግራ ይጋባል፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አስተማሪው ያለውን ይደግማል። ሁለት ጎን ለጎን ሲቀርብለት ግን ማንም ሳይነግረው «ይኼኛው ይጎመዝዛል፣ ያኛው አፍ ያደርቃል» ይላል። ስለዚህ ስድስት ወይን፣ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ በሦስት ዙር። በቃ።

እንዲያውም ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምንም ጠርሙስ ባይከፈት እመርጣለሁ። በየተማሪው ፊት ሦስት ብርጭቆ ይቀመጥ፦ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ እና ከቅጠሉ ጋር ረጅም ጊዜ የቆየ፣ ስኳር የሌለው ጥቁር ሻይ። ሎሚው ምራቅ ያመጣል፤ ወይን ውስጥ አሲድ የሚባለው ይኼ ነው። ሻዩ ድድና ጉንጭን ያሻክራል፣ ምላስ ጥርስ ላይ እንደ ወትሮው አልንሸራተትም ይላል። ይኼ ደግሞ ታኒን ነው። ታኒን ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው አፍ የሚደርቀው፤ ስለዚህ በአፍ ቆዳ የሚሰማ ነገር እንጂ እንደ ጣፋጭና ጎምዛዛ ያለ ጣዕም አይደለም። ከዚያ የስኳሩን ውሃ ሎሚው ላይ ጨምረው ይቅመሱት። ጎምዛዛነቱ የለዘበ ይመስላል፣ አሲዱ ግን የትም አልሄደም፣ ምራቁም መምጣቱን አይተውም። ጥሩ ጣፋጭ ወይን ለምን እንደማያቅለሸልሽ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

የመጀመሪያው ወይን ሲመጣ ደግሞ አፍንጫቸውን ይዘው ይጎንጩ፣ ሳይውጡ ይልቀቁት። ያኔ ፍራፍሬው ሁሉ ባንዴ ይመጣል። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ከጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነውና። (የምላስ ጫፍ ለጣፋጭ፣ ጎኑ ለጎምዛዛ የሚለውን የድሮ የምላስ ካርታ እባካችሁ አታምጡት። ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል።)

በመጀመሪያው ዙር ሁለት ነጭ ወይን፣ ሶቪኞ ብላንና በኦክ በርሜል የቆየ ሻርዶኔ፣ ይቅረቡ (ስማቸው የተሠሩበት የወይን ዘር ስም ነው)። አንዱ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ሌላው ከእንጨቱ የመጣ ቫኒላ ይዟል፤ ልዩነቱ ማንንም አያደናግርም። በሁለተኛው ሁለት ቀይ፣ ፒኖ ኑዋርና ካበርኔ ሶቪኞ፣ ማለትም ፍሬው ስስ ልጣጭ ያለውና ወፍራም ልጣጭ ያለው። የቀይ ወይን ቀለምም ታኒንም በዋናነት የሚመጣው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ስለሚፈላ ነው። ያን ሻይ የሚያስታውሱት እዚህ ላይ ነው። አፍንጫው የነቃ ተማሪ ካበርኔው ውስጥ ቃሪያ ቃሪያ የሚል ሽታ ይይዝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ የዘረመል ምርመራ ካበርኔ ሶቪኞ የካበርኔ ፍራንና የሶቪኞ ብላን ልጅ መሆኑን አሳይቷል፣ ያ አረንጓዴ ሽታም የቤተሰቡ ነው።

ሦስተኛው ዙር ጠርሙሱ ተሸፍኖ ይሁን። ሁለት ቀይ፣ አንዱ ርካሽ አንዱ ውድ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገር። ወዳጆቼ ይህን «ተማሪ ማሸማቀቅ ነው» ይሉታል። እኔ የሚሸማቀቅ አይታየኝም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 ፓሪስ ውስጥ እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ባዘጋጀው ውድድር ስመ ጥር የፈረንሳይ ዳኞች ሳያዩ ቀምሰው በነጩም በቀዩም አንደኛ ያደረጉት የካሊፎርኒያን ወይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ በፈረንሳይዋ የወይን ከተማ በቦርዶ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይብሳል፦ 54 የወይን ሙያ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ስለ ቀይ ወይን በሚነገር ቃል ገለጹት። ዓይን እንዲህ ነው የሚያታልለው። ባለሙያ የተሳሳተበትን ጀማሪ ቢሳሳት ምን ነውር አለው?

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለዐሥራ ሁለቱ ደርሶ ለሦስት ሰው የሚሆን ይተርፋል። ሁለት ሁለት እየቀረበ ስለሆነም ለአንድ ሰው ሁለት የወይን ብርጭቆ በቂ ነው፣ አፉ ጠበብ ያለ። ሲቀዳ የነጩ ሙቀት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የቀዩ ከ15 እስከ 18 ይሁን። ቀይ ወይን ሞቃት ክፍል ውስጥ ከቆመ ከፍራፍሬው በፊት አልኮሉ ነው አፍንጫ የሚወጋው። ሽቶ ተቀብቶ መምጣት ክልክል ነው ተብሎ አስቀድሞ ይነገር።

መትፊያ ዕቃም ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይኑር። ስድስቱን ሁሉ የዋጠ ሰው 300 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ ጠርሙስ ብዙም ያልራቀ ጠጥቷል፤ መኪና ይዞ የመጣ ካለ ጣጣ ነው። ሰው መትፋት ያፍራል። አስተማሪው ቀድሞ ከተፋ ግን ሌላውም ይለምደዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከየዓይነቱ ትርፍ ጠርሙስ ይያዝ፣ በተለይ በቡሽ ከተዘጋው። አንዳንድ ቡሽ ቲ.ሲ.ኤ. በሚባል ነገር የተበከለ ነው፤ ወይኑን እርጥብ ካርቶን፣ እርጥብ ምድር ቤት ያሸተዋል። ጤና አይጎዳም፣ ፍራፍሬውን ግን ድምጥማጡን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከገጠመ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትድፉት። ከጤነኛው አጠገብ ቀድታችሁ ለሁሉም አሽትቱ፤ ቀጥሎ ምግብ ቤት ውስጥ ሲያጋጥማቸው አስተናጋጁን ጠርተው ይመልሱታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ