የታሪክ ልብ ወለድ ለልጆች ሲጻፍ ወጥ ቤቱም ይፈተሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በወጣቶች ገጻችሁ ከልዩ ልዩ አገሮች ታሪክ የተቀዱ ልብ ወለዶችን ማውጣት መጀመራችሁን ደሴ የምናስተምር የአማርኛና የታሪክ መምህራን በደስታ ተቀብለነዋል። ልጆቹ ጋዜጣውን እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ያነበቡትንም እንዳለ አምነው ይይዙታል። ይህን የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ስህተት የሚገባው በነገሥታቱና በጦርነቶቹ በኩል አይደለም። እነሱን ጸሐፊው ስለሚፈራቸው ያጣራቸዋል። ስህተቱ ሳይጠረጠር የሚገባው በወጥ ቤትና በኪስ በኩል ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሚፈለፍል ሠራተኛ በበርበሬ የቀላ ወጥ ሊበላ አይችልም። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ኮሎምበስ ባሕሩን የተሻገረው በ1492 እ.ኤ.አ. ነው። ወጡ እንዲያቃጥል የፈለገ ጸሐፊ ዝንጅብል፣ ጥምዝና ቁንዶ በርበሬ አሉለት። በዚያው ሚዛን የጥንት ሮማ ልጅ ቲማቲም አይቀምስም፤ ስፔኖች ከመድረሳቸው በፊትም በደቡብ አሜሪካ የኢንካ መንግሥት መልእክተኛ ፈረስ አይጋልብም። የኢንካ መልእክተኞች በእግራቸው እየሮጡ በየጣቢያው ይቀባበሉ ነበር፤ የቁጥር መዝገባቸውም ኪፑ የሚባል የተቋጠረ ገመድ ነው። ይህ እውነት ከፈረሱ ይልቅ ልጅን እንደሚስብ ማንም መምህር ያውቃል። ከደጃችንም አንድ እንጥቀስ፤ ባሕር ዛፍ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ በመቅደላ ጦርነት ጊዜ የጦሳን ተራራ በባሕር ዛፍ የሚያለብስ ታሪክ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሟል።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። አንድ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28 ግራም ይመዝናል። ባለታሪኩ ልጅ 500 ብር በኪሱ ይዞ ሮጠ ከተባለ 14 ኪሎ ተሸክሞ ሮጠ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚጓዘው በበቅሎ ነው። ብሩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመትም ጸሐፊን ያሳስታል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ግን ጠገራ ብር የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም፤ ለዚያ ዘመን አሞሌ ጨው ይበቃል።

መንገዱን በሚመለከት ጸሐፊው ስሌቱን አስቀድሞ ይሥራ። የተጫነ በቅሎ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ብንል፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር 16 የጉዞ ቀን ይፈጃል፤ ዕረፍቱና የክረምት ወንዝ ሙላት ሳይቆጠር። በባሕር ደግሞ የሚወስነው ነፋሱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሕንድ ወደዚህ። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በጥር ወደ ሕንድ የሚገሰግስ የሸራ መርከብ ጽፎ ያለፈ ደራሲ ነፋሱን በግንባሩ አጋፍጦታል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መቀየር ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት፣ ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ የነበሩት፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። በተለመደው ስሌት ኅዳር 27 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ተገፋ፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ዘለቀ። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ደግሞ ሌላ የአንድ ቀን መዛነፍ አለ። ዛሬ ሚያዝያ 6 ኤፕሪል 14 ላይ ይውላል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉባት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን ኤፕሪል 13 ነበረች። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የጻፈ አንድ ወረቀት ከጽሕፈት ጠረጴዛው አይጥፋ።

ባለታሪክ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ ሊድስ አረፈ። ከኢትዮጵያ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምበር በሕንድ ደከን የጦር መሪ ሆኖ በ1610 እ.ኤ.አ. ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ። የእኛው የወሎ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ቋንቋችንን አስተምረዋል። በእነዚህ ሕይወት አማካይነት ልጆቻችን ዓለምን ከራሳቸው ሰው ትከሻ ላይ ሆነው ያያሉ፤ ይህ እንዲቀርባቸው አንፈልግም።

የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ታሪክ ግርጌ የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ የሚለይ አጭር ማስታወሻ ይግባ። ስለ ዓለማየሁ የተጻፈ ከሆነ ለምሳሌ እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ልዑል ዓለማየሁ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅና አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ በእውነት የነበሩ ሰዎች ናቸው። እቴጌዪቱ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በመንገድ መሞታቸውም እውነት ነው። በቅሎ ጎታቹ ልጅና ንግግሮቹ በሙሉ የደራሲው ፈጠራ ናቸው።» ማስታወሻው በሚቀጥለው ሳምንት እትም ሳይሆን በዚያው ገጽ ላይ ይውጣ፤ ልጆቹ ታሪኩን ከጋዜጣው ቆርጠው ስለሚያስቀምጡ ለብቻው የወጣው አይደርሳቸውም።

የአማርኛና የታሪክ መምህራን
ከደሴ