ወደ ዳታቤዝ መግባትን በትሪገር ስለመገደብ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ዳታቤዙ ሲነሳ ወይም ተጠቃሚ ሲገባ በራሱ የሚሠራ ትሪገር (በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ፕሮግራም) ተጽፎ ያልተፈቀደለት ሰው እንዲመለስ ይደረግልን ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ስጋታችሁ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ትሪገር የበር ቁልፍ ስላልሆነ ከእንግዲህ ለዚህ ዓላማ እንደማንተክለው በአክብሮት እናሳውቃለን።

ዳታቤዙ ሲነሳ የሚሠራው ትሪገር የሚሠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኦራክል በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ መግቢያውን ውስን እንዲያደርግ ቢጻፍ እንኳ፣ ሲስተሙን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው ገደቡን በአንድ ትእዛዝ ይሽረዋል፤ ዳታቤዙ እንደገና እስኪነሳ ድረስም ትሪገሩ መልሶ አይዘጋውም።

የመግቢያ ትሪገር ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ያሳስበናል። በኦራክል ትሪገሩ ስህተት ሲያነሳ ተራው ተጠቃሚ ይመለሳል፤ የዳታቤዝ ትሪገርን የማስተዳደር ሥልጣን ያለው ግን ያልፋል፣ ማለትም ከሁሉ አብልጦ ሊጠበቅ የሚገባው አካውንት ሳይነካ ይቀራል። ከዚህም በላይ ያየናቸው ትሪገሮች አብዛኞቹ የሚመረምሩት የፕሮግራሙን ስም ነው፤ ያን ስም የሚናገረው ግን የተጠቃሚው ኮምፒውተር ራሱ ነው። ወደ ኦራክል ገብቶ ትእዛዝ መስጫ የሆነውን የኤስኪውኤልፕላስን ፋይል ቀድቶ በሂሳብ ሶፍትዌራችሁ ስም የሰየመ ሰው እንዲህ ያለውን ፍተሻ ሊያልፍ ይችላል።

በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተበላሸ ትሪገር ዋናውን አስተዳዳሪ ጭምር ውጭ ያስቀራል። አንድ ደንበኛችን ዘንድ የተከልነው ትሪገር እያንዳንዱን መግቢያ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘግብ ነበር። ሠንጠረዡ አላስፈላጊ መስሎት አንድ ባለሙያ ሲያጠፋው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሞከረው ሁሉ በትሪገሩ ምክንያት መግባት እንዳልተቻለ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ያነብ ጀመር። ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ሄደን፣ ለአስተዳዳሪ ብቻ በተለየው መስመር ገብተን ትሪገሩን አሰናከልነው። ያን ቀን ሥራቸው በመቆሙ እስከዛሬ እናዝናለን። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ሌላ ዳታቤዝም በ17ኛው እትሙ የመግቢያ ትሪገርን ሲጨምር፣ እንዲህ ያሉትን ትሪገሮች ሁሉ ለጊዜው የሚያሰናክል ማስተካከያ አብሮ ማውጣቱ አደጋው የታሰበበት መሆኑን ያሳያል።

በምትኩ የምንሠራው እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አካውንት እንዲኖረው፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው፣ ከየትኛው አድራሻ መግባት እንደሚቻልም በፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነትን በሚያጣራ መከላከያ) እና በዳታቤዙ የግንኙነት ማስተካከያ ፋይል እንዲወሰን ማድረግ ነው። ትሪገሩ ለምዝገባ ሊቆይ ይችላል፤ ምዝገባው ባይሳካ ግን ስህተቱን እዚያው ውጦ ሰውን እንዳያግድ ሆኖ መጻፍ አለበት።

ቀደም ሲል የተከልንላችሁን ትሪገሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንተካለን። እስከዚያው ድረስ፣ ሥልጣኖቹ ሳይስተካከሉ በራሳችሁ እንዳታጠፏቸው እንጠይቃለን። የግድ መንካት ካለባችሁም አንድ የአስተዳዳሪ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ ከሌላ ኮምፒውተር መግባት መቻሉን በዓይናችሁ እስክታረጋግጡ ድረስም አትዝጉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳታቤዝ አገልግሎት ክፍል